ጥርሱ ያላለቀው ሽማግሌ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«አንተ የምትሠራበት ቦታ ገና ጥርስ ያለው ጎማ ይጥላሉ አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው አልኩት። መዋሸት ነበረብኝ።

«እንግዲያው አራት ብቻ ላክልኝ። ጥርስ ይኑረው እንጂ ሌላውን ለኔ ተወው።»

ሳቄን ዋጥኩት። እኔም እንደሱ ነበርኩ። ጥርስ ካለው ጎማ ነው፣ የላሸም ቢሆን ለሐረጎ ቁልቁለት አይሁን እንጂ ለከተማ ይሆናል ባይ ነበርኩ። ይህን እምነቴን አንዲት የ78 ዓመት እንግሊዛዊት ጭቃ ላይ አስተኝተው ነው ያስተፉኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እየጠየቃችሁኝ ነውና። ያለሁት ሰሜን እንግሊዝ፣ የካራቫን ማቆያ ግቢ ውስጥ ነው። ካራቫን ከመኪና ኋላ የሚታሰር ተሳቢ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ለእናቴ ስነግራት «ቤት የላቸውም እንዴ ምስኪኖች?» አለችኝ። አላቸው እማ። ባለ ሦስት መኝታ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ትንሿን ቤት ጎትተው፣ ሁለት ሰዓት ነድተው ሜዳ ላይ ያቆሟትና ዝናቡን በመስኮት እያዩ ሻይ ይጠጣሉ። ይኼ እረፍት ይባላል። እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሜዳ ወደ ቤት ነው የሚሮጠው።

ብርዱ ሲገባ ካራቫኑን እኛ ግቢ አምጥተው ያስቀምጡታል። ሲሞቅ ይወስዱታል። ሥራ ስጠይቅ አለቃው «ስለ ጎማ ታውቃለህ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔን? ልጅነቴን እኮ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ደጃፍ ነው የጨረስኩት። ካላማዳሪውን ባኞ ውስጥ ነክሬ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እፈልጋለሁ፣ በሞረድ እፈገፍጋለሁ፣ ማስቲሽ ቀብቼ እለጥፋለሁ። የአይሱዙ ጎማ ከቸርኬው በብረት ፈልቅቄ ሳወጣ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላኝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ጎማ አይሞትም። ከመኪና ሲወርድ ጋሪ ላይ ይወጣል፣ ከጋሪ ሲወርድ በረባሶ ሆኖ ገበያ ይሄዳል፣ ለዚያም አልሆን ካለ ተተልትሎ ጭነት ያስራል። ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት። ገባው አልገባው አላውቅም፣ ብቻ ቀጠረኝ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው 2021 በፈረንጅ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ሴትዮዋ ካራቫናቸውን ሊወስዱ መጡ። «ጎማዎቹን እባክህ እይልኝ» አሉኝ። እኔም እንዳገሬ አየሁ። ማለትም በእግሬ ደህና አድርጌ ረገጥኩት፣ ድም አለ፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጥርሱ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከፋብሪካ ሲወጣ ያለችው የጎማ ፀጉር አልፎ አልፎ ትታያለች። «አዲስ ነው! ምንም አይልም!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አለቃዬም እንዲሰማ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ከቦርሳቸው ባትሪ አወጡ። «የተመረተበትን ቁጥር ታነብልኛለህ?» አሉ። የምን ቁጥር? በውጭ በኩል ፈለግኩ፣ የለም። «በውስጥ በኩል ይሆናል» አሉኝ ረጋ ብለው። ስለዚህ በጀርባዬ ጭቃው ላይ ተኛሁና ከካራቫኑ ሥር ገባሁ። እሳቸው ከላይ ባትሪውን ይዘው ያበሩልኛል፣ ልክ ልጁን የቤት ሥራ እንደሚያሠራ ወላጅ። አነበብኩ፦ 1109።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«የጎማው ዋጋ» አልኩ። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት።

አለቃዬ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ከተኛሁበት ይታየኝ ነበር። ሴትዮዋ አልሳቁም፣ እሱ ነው የባሰው። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከ2000 በኋላ የተሠራ ጎማ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ዕድሜው ናቸው። ፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። 1109 ማለት የ2009 አሥራ አንደኛው ሳምንት። አዲስ ነው ብዬ የማልኩለት ጎማ 12 ዓመቱ ነበር። ጥርሱ ያላለቀው ስለማይሄድ ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ የሚጎተት ነገር ጥርሱ በምን ያልቃል? የሚያልቀው ላስቲኩ ራሱ ነው። ፀሐይ ይበላዋል፣ አየሩ ያደርቀዋል፣ ቆሞ ሲውል ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ኩሬ ስንጥቅጥቅ ይላል። ባትሪውን ጠጋ ሲያደርጉት እሱንም አየሁት።

ያን ቀን ማታ የታጠበው ሱሪዬ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ አለቃዬ ደብተር ሰጠኝና ግቢ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ካራቫን ቁጥር መዝግብ አለኝ። ሳምንት ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ አነበብኩ፣ ከነትርፍ ጎማው። ትርፍ ጎማ ደግሞ የጉድ ጉድ ነው። አንድ ቀን መሬት ነክቶ የማያውቅ ጎማ ከካራቫኑ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ አርጅቶ ታገኙታላችሁ። እዚህ ሕጉ 1.6 ሚሊሜትር ጥርስ ይበቃል ይላል፣ ከዚያ ካነሰ በአንድ ጎማ እስከ 2,500 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃድ ላይ 3 የቅጣት ነጥብ አለበት። የካራቫን ሰዎች ግን ጥርሱን ሳይሆን ዕድሜውን ነው የሚቆጥሩት። አምስት ዓመት ሲሞላው ይቀይሩታል፣ ሰባትን አያሳልፉትም።

መጀመሪያ ጥጋብ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አነበብኩ። በ2012 በፈረንጅ፣ እዚሁ እንግሊዝ፣ ወጣቶችን ከሙዚቃ ድግስ ሲመልስ የነበረ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሰው ሞተ። ጎማው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው፣ አውቶቡሱን ራሱን ይበልጠዋል። ልጇን ያጣች እናት ዓመታት ጮኸች። እኔ ጭቃ ላይ በተኛሁበት በዚያው በ2021 ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የፊት እግር ላይ እንዳይገባ ተከለከለ። ያነበብኩ ቀን ሐረጎ ነው ትዝ ያለኝ። ያ ጥምዝምዝ፣ ያ ገደል፣ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስንወርድ የሚሸተው ፍሬን። ስንት ጊዜ ወርጄበታለሁ፣ በስንት ዓመት ጎማ? አላህ ነው ያወረደን።

አሁን ሥራዬን ለምጄዋለሁ። ግን ስለ ደመወዜ የምትጠይቁኝ ስሙ፦ ብርዱ ሲገባ ጎማ አገላብጣለሁ። ካራቫኑ ለወራት አንድ ቦታ ሲቆም ክብደቱ አንዷን ጎን ብቻ ስለሚጫን፣ በየጊዜው እየዞርኩ ትንሽ ትንሽ አንከባልላቸዋለሁ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ጎኑ እንዳይቆስል እንደሚገላበጠው። ከዚያ ፀሐይ እንዳያያቸው ልብስ አለብሳቸዋለሁ። አዎ፣ የጎማ ልብስ አለ። ሥር የሚገባው ታኮ ራሱ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ነው፤ እኛ ረዳቱ ከመንገድ ዳር የሚያነሳው ድንጋይ ነበር።

ቡሎን ማጥበቅም እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። እኛ ቧንቧ ቀጥለን እላዩ ላይ እንዘል ነበር። እዚህ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል መፍቻ አለ፤ ቀጭ ካለ ወዲያ ከነካኸው ትገሠጻለህ። ጎማው ከተቀየረ በኋላም ሃምሳ ኪሎሜትር ያህል ሄዶ እንደገና ይጠበቃል። ነፋሱም በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው። በዚህ ላይ አልቀልድም። ጎማው ላይ የጭነት ቁጥሩ 93 ተብሎ ከተጻፈ የሚችለው 650 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ 1,300። ካራቫኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሁለት ድስትና የውሻ አልጋ ሲጨመር ያልፋል። ነፋሱ ከጎደለ ጎማው ይግላል፣ ሹፌሩ ግን ከፊት ሆኖ አይሰማውም። የሚሰማው ሲፈነዳና ካራቫኑ እንደ እባብ ሲወዛወዝ ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ እጃችሁ ያወቀው ሙያ አይጠፋም፣ አትፍሩ። ግን «አውቃለሁ» ለማለት አትቸኩሉ። እኛ የምናውቀው የፈነዳውን ማዳን ነው፤ እነሱ የሚከፍሉት እንዳይፈነዳ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በደላላ ተማምናችሁ በጅቡቲ፣ በየመን ባሕሩን የምታስቡ ደግሞ፣ ስለ ጎማ ሳይሆን ስለ ነፍስ ነው የማወራው፤ ከሰፈራችን ሄደው ድምፃቸው የጠፋውን እናንተ ከኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የሚላከው ፎቶም አያታልላችሁ። ከካራቫን ፊት ቆሜ የተነሳሁትን አይታችሁ «ማሻ አላህ፣ ቤት ገዛ» ያላችሁት የሰው ነው። እኔ የምኖረው ከሁለት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። አልልክም ስለው ተቀየመኝ። «ፈረንጅ አገር ገብቶ አራት አሮጌ ጎማ ነፈገን» ተብሎ ደሴ ድረስ ተወርቷል፣ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን እኔው ደወልኩ። «አብሽር፣ አትቆጣ። አሁን የስልክህን መብራት አብራና ሚኒባስህ ሥር ግባ» አልኩት። እያጉረመረመ ገባ። ሲያቃስት፣ ሲራገም ይሰማኛል።

«አገኘሁት። 2811 ይላል።»

ነገርኩት። ፊተኞቹ ሳምንቱ፣ ኋለኞቹ ዓመቱ። ጥቂት ዝም አለ።

«ቆይ፣ ይኼ 11 በኛ ነው በፈረንጅ?»

በፈረንጅ ነው አልኩት።

«ኧረ በኛ አድርግልኝ!»