ሪሞቱ ውስጥ ያለችው ሚዶ

ባለፈው ቅዳሜ ወድቆ አልሠራ ያለ የመኪና ሪሞት ፈታሁ። ቦርዱ ላይ ክብ የሆነች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ የብረት ቆብ አለች። ሦስት እግር አላት። SAW ሬዞኔተር ትባላለች፤ ሪሞቱ የሚልክበትን ድግግሞሽ የምትወስነው እሷ ናት። ነቅዬ ክዳኗን በቀጭን መጋዝ ቆርጬ አነሳሁት። ውስጧ የኳርትዝ ቁራጭ ተጣብቋል፤ መብራት ስር ሲያዩት እንደ ሲዲ ቀስተ ደመና ይሠራል።

ቀስተ ደመናው የሚመጣው ላዩ ላይ ከተሰመሩት የአሉሚኒየም መስመሮች ነው። ሁለት ሚዶ ጥርሳቸውን አጠላልፋችሁ ብታስቀምጡ ቅርጹ እሱው ነው። የአንዱ ጥርስ ውፍረት ግን 2 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ) እንኳ አይሞላም፤ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ወደ 20 ጥርስ ይሰለፋል ማለት ነው።

ኳርትዝ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ይሳባል፣ ይጨማደዳል። ሲጫኑት ደግሞ መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህ ሲግናሉ ሚዶው ላይ ሲደርስ የክሪስታሉ ገጽ ይንቀጠቀጥና ልክ እንደ ኩሬ ውኃ ላዩን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህን ሞገድ በሂሳብ ያሳየው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም ምድርን የሚያናውጠው አንዱ እሱ ነው። ሚዶውን ክሪስታል ላይ አስቀምጠው ሞገዱን በኤሌክትሪክ ያስነሱት ግን ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዋይትና ቮልትመር ናቸው፣ በ1965 እ.ኤ.አ.።

እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ኳርትዙ ላይ ወደ ገጽ ንቅናቄ ተቀይሮ ሲሄድ ግን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በ433 ሜጋኸርዝ አየር ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው የሞገድ ርዝመት 7 ማይክሮን ሆኖ ቁጭ ይላል! ሜትር የሚፈጅ ነገር ጥፍር ላይ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። መምረጡን ደግሞ ጥርሶቹ ራሳቸው ይሠሩታል፦ ርቀታቸው ከሞገዱ ጋር ከገጠመ እንደ ዥዋዥዌ በየተራ እየገፉ ያጎለብቱታል፣ ካልገጠመ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

የድሮ ቴሌቪዥን የጠገነ ሰው ይህን ይረዳኛል። ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ በፕላስቲክ ካቻቢቴ እየነካኩ ማስተካከል ነበር፣ በዚሁ ሚዶ የምትሠራው፣ የተፈለገውን ድግግሞሽ ብቻ የምታሳልፈው ባለ አምስት እግሯ ፊልተር እስክትመጣ ድረስ። ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ የዚህ ዓይነት ፊልተር ብዙ አለ፤ ማማው የሚልከውን ከጎረቤት ድግግሞሽ ለይተው የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ከ2.5 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን ግን ጥርሱ በጣም ይቀጥናል፣ እዚያ ሞገዱን በገጽ ላይ ሳይሆን በክሪስታሉ ውስጥ የሚያሳልፉት የፊልተሯ ዘመዶች ይሻላሉ።

ሪሞቱ ላይ አዲስ ባለ 433 በየድኩበት። ምንም ማስተካከል አላስፈለገም፤ ድግግሞሹ ጥርሶቹ ላይ ተሰምሮ ነው የመጣው።