አሮጌው ኮምፒውተሬ በዓመት ስንት አስወጣኝ?

በ2003 ዓ.ም. ያገለገለ ዴል ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ በ7,500 ብር ገዝቼ ነበር። ዘንድሮ በእሱ ምትክ ያገለገለ ላፕቶፕ በ42,000 ብር ገዛሁ። ይህን የሰሙ ባልደረቦቼ «ኮምፒውተርም የማይቀመስ ሆነ» ይላሉ፤ የወጪ ማስታወሻዬን አገላብጬ ሳሰላው ግን ነገሩ እንደሚባለው ሆኖ አላገኘሁትም።

ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 16 ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ዴስክቶፑ ወደ 450 ዶላር ያወጣ ነበር። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ 150 ብር አካባቢ በመድረሱ፣ የዛሬው ላፕቶፕ 280 ዶላር ብቻ ነው። ዕቃው ረክሷል፤ የወረደው ብራችን ነው። ይሁን እንጂ የመምህር ደሞዝ በዶላር ስለማይከፈል ይህም መለኪያ ብዙ አያራምድም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወጪ ወጪው በተደረገበት ዓመት ደሞዜ መነዘርኩት፤ የተለያየ ዘመን ብርን እንዳለ መደመር የማይደመረውን መደመር ነውና።

በዚህ ስሌት ዴስክቶፑ የአራት ወር ደሞዜን ወስዷል። ከዚያ በኋላ የተከተለው ወጪ ደግሞ፣ አብዛኛው ሰው ሲገዛ የማያስበው፣ ሌላ አራት ወር ገደማ ሆነ። የማስታወሻውን ሰፊ ቦታ የያዘው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ ነው። ደሴ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚውልባቸው ቀናት ጥቂት ስላልሆኑ ያለ ዩፒኤስ መሥራት አይታሰብም፤ የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ እርሳስ አሲድ በመሆኑ ባዶውን በቆየ ቁጥር ቶሎ ይሞታል። መብራቱ በኃይል ሲመለስ የተቃጠለ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ም አለ። በአጠቃላይ ስምንት ወር ደሞዝ ለአሥራ አምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት የግማሽ ወር ደሞዝ ያህል ነው።

ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤስ አይፈልግም። የመብራት ፍጆታውም ቢሆን ይለያል፤ ዴስክቶፑ ከድሮው ወፍራም ሞኒተር ጋር 150 ዋት ያህል ስለሚበላ በቀን አራት ሰዓት ሲሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፣ ላፕቶፑ ግን 5 አይሞላም። ታሪፉ እጅግ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ አሁን ግን ታሪፉ እየጨመረ ስለሆነ ማስላቱ አይከፋም።

ዴስክቶፑ ዛሬም ይሠራል። እንድቀይረው ያስገደደኝ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ የእኔ ኮር ቱ ዱዎ የተባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ከነጭራሹ አይታሰብም። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና በዊንዶውስ ምትክ ጭኜበት ልጆቹ ጽሕፈት እየተለማመዱበት ነው፤ የባንክና የትምህርት ቤት ሥራዬን ግን የደኅንነት ማሻሻያው ባበቃ ዊንዶውስ ላይ ማድረግ አልፈለግሁም።

ፒያሳ ካሉት ሱቆች በአንደኛው ወጣቱ ሻጭ «ጋሼ፣ ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል» አለኝ። የባትሪ ሪፖርቱን እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት፤ ሲመረት 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን ሲሞላ 31,000 ላይ ይቆማል። ወጣቱ ሳቀና ከዋጋው ላይ ቀነሰልኝ። የባትሪ መቀየሪያውን ጨምሬ ሦስት ወር ተኩል ደሞዝ ስለሚሆን፣ ስድስት ዓመት ካገለገለኝ የዓመቱ ወጪ ከዴስክቶፑ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ደሞዙ ከአስቤዛ በኋላ የሚያተርፈው ከድሮው ማነሱን ግን ይህ ስሌት አያሳይም።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ፕሮሰሰሩ አሥረኛ ትውልድ የሆነ ላፕቶፕ በ55,000 ብር ነበር። ልዩነቱ አንድ ወር ደሞዝ ስለሆነ ገንዘቡን ለመመለስ ከ42,000 ብሩ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ገደማ አብልጦ ማገልገል ይኖርበታል፤ የክዳኑ ማጠፊያ ግን ከወዲሁ ላልቶ ስላየሁት የ42,000 ብሩን ስምንተኛ ትውልድ መረጥኩ።