እዚያው የተያዘ፣ እዚያው የሚወዛወዝ

ከሰሞኑ ያፈጠጥኩበት ስፔክትረም (ሲግናሉ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ኩርባ) ግራ ያጋባል። መሃሉ ላይ አንድ ሹል መስመር፣ ከግራና ከቀኙ ደግሞ ሰፋ ያሉ ሁለት ጉብታዎች። ናሙናው ፖሊሜቲል አክሪሌት የሚባል ፖሊመር፣ ማለትም የረጃጅም ሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ነው፣ ሲሊካ ብናኝ ላይ በስሱ የተለጠፈ። መረጃውን የምትልክልኝ ውጭ አገር ያለች ባልደረባዬ ናት። ማሽኑ እዚያ፤ እኔ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ፣ መብራት ካለ ላፕቶፔን ከፍቼ አሰላለሁ።

ዘዴው ኤንኤምአር ይባላል፤ ማግኔት ውስጥ ያሉ የአቶም አስኳሎች ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጡትን ምላሽ ያነባል። ብሎክና ፐርሰል የሚባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1952 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ነው። የሆስፒታሉ ኤምአርአይም የተነሣው ከዚያው ነው። እኛ የምናየው ግን ዲዩተሪየምን፣ ከባዱን ሃይድሮጂን ነው። በፖሊመሩ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያሉት ቡድን) ላይ ያሉት ሃይድሮጂኖች በእሱ ተተክተዋል። በተፈጥሮ ከሃይድሮጂን ሁሉ 0.015 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሲግናሉ የሚመጣው ሆን ተብሎ ከገባበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ሰንሰለቱ ድርቅ ካለ ሲግናሉ ሰፍቶ ለሁለት ይከፈላል። ወዲያ ወዲህ በፍጥነት ከተገላበጠ ግን ልዩነቱ ይጠፋና አንድ ሹል መስመር ይቀራል። (ሜቲሉ ራሱ በዘንጉ ላይ መሽከርከሩን አይተውም። ደርቋል የምንለው ዋናውን ሰንሰለት ነው።)

እና ሁለቱም በአንድ ናሙና ውስጥ አሉ! ሲሊካው ላይ ሲላኖል የሚባሉ የሲሊከን፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጂን ቡድኖች የፖሊመሩን ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የተያያዙበትን ቦታ) በሃይድሮጂን ቦንድ ይይዙታል። ያ ክፍል ምንም ካልነካው ፖሊመር ይልቅ ይደርቃል። እሾህ የያዘው ነጠላ በሉት፤ ጥቂት ቦታ ተይዞ ሌላው በነፋስ ይውለበለባል። እኔን ያስደነቀኝ ወደ አየር የዞረው ክፍል ነው። እሱ ካልተለጠፈው ፖሊመር እንኳ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። እኔ ደግሞ የጠበቅኩት ሁሉም እኩል እንዲደርቅ ነበር።

አጎቴ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳል። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የጎማዎት ላስቲክ ውስጥ ጥቁር ካርቦን ወይም ሲሊካ አለ። ላስቲኩ ቅንጣቷ አጠገብ ምን ያህል እንደሚላወስ ነው የማየው» አልኩት። «አንተ ልጅ፣ ታዲያ ጎማዬን ታከርምልኛለህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ስሌት እስከ እሱ ጎማ ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አይዋጥልኝም። ስፔክትረሙን የሚተነትነውን ሶፍትዌር ሰንሰለቱን እንደ እንቅስቃሴው ሦስት ክፍል አድርግልኝ ብትሉት ሦስት ያደርጋል፤ አራት ብትሉትም አያቅማማም። ኩርባው ስለገጠመ ብቻ ሰንሰለቱ በልኩ ተከፋፍሏል ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። ሲሊካው ላይ ያለው ፖሊመር ሲቀንስ ሹሉ መስመር አብሮ ሊከሳ ይገባል፤ ምክንያቱም ነፃ የሆነው ክፍል ይጠፋና የተያዘው ብቻ ይቀራል። ካልከሳ የእኔ ክፍልፋይ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው።

ትናንት ማታ ጻፍኩላት፦ ቀጣዩን ናሙና ከዚህም አሳስቺው፤ ከዚያ በየሙቀቱ ለኪልኝ።