አውሮፕላን ላስቀድም ወይስ ሄሊኮፕተር?

የመብረር ፍላጎቴ የቆየ ነው። አሁን እዚህ ቨርጂኒያ ሥራዬም ገቢዬም ስለፈቀዱልኝ፣ ትምህርቱን በአውሮፕላን ልጀምር ወይስ በሄሊኮፕተር የሚለው ጥያቄ ውሳኔ የሚፈልግበት ጊዜ ደርሷል። የመጨረሻ ግቤ ሄሊኮፕተር ነው። ያደግሁት መኪና በማይደርስበት ደጋ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ቁልቁለት ሲወርድ እያየሁ ነውና፣ ማኮብኮቢያ ሳይሻ ከሜዳ ላይ የሚነሳ ነገር ልቤን ቢስበው አያስደንቅም። የማማክራቸው ሰዎች ሁሉ ግን «በአውሮፕላን ጀምር፤ ርካሽ ነው፤ ሄሊኮፕተሩን በኋላ ትጨምራለህ» ይሉኛል።

ምክሩን በቁጥር መዘንኩት። በአሜሪካ ደንብ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በአውሮፕላንም ሆነ በሄሊኮፕተር ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። የአውሮፕላን ፈቃድ ያለው ሰው ሄሊኮፕተር ሲጨምር የቀድሞ ሰዓቱ ቢታሰብለትም፣ 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ሰዓት ደግሞ ብቻውን በሄሊኮፕተር መብረር ይኖርበታል። ስለዚህ በዝቅተኛው ስሌት አውሮፕላን ማስቀደም የሚያስቀርልኝ 10 የሄሊኮፕተር ሰዓት ሲሆን፣ ለዚያ የምከፍለው ግን 40 የአውሮፕላን ሰዓት ነው። የሄሊኮፕተሩ ኪራይ የተለመደውን የማሠልጠኛ አውሮፕላን የሴስና 172ን እጥፍ ያህል ቢሆን እንኳ ሒሳቡ ለእኔ አያዋጣም። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ተማሪ ከዝቅተኛው ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ የሬዲዮ ንግግሩን፣ ካርታውንና የአየር ጠባዩን በርካሹ መሣሪያ ላይ መለማመድም ጥቅም እንዳለው አልክድም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ የእጅ ልማድ ነው። አውሮፕላን ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ ሊሸከመው ወደማይችልበት ደረጃ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ አብራሪውም ሳያመነታ መሪውን ወደፊት ገፍቶ አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ነፍስ የሚያድን እርምጃ ስለሆነ ተማሪው ሳያስበው እስኪያደርገው ድረስ ይደጋግመዋል። ብዙ ተማሪ የሚጀምርበት ሮቢንሰን አር22 ሄሊኮፕተርም የራሱ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የዋናው ሮተር፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከሩት ላባዎች፣ ዙር ከመደበኛው ወደ 97 በመቶ ሲወርድ ይጮኻል። እዚህ ላይ ግን መሪውን ወደፊት መግፋት ዙሩን ከመመለስ ይልቅ ይበልጥ ያወርደዋል፤ ግፊቱ ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ለቅጽበት ክብደት ስለሚያጣ፣ ባለሁለት ላባው ሮተር የተሸከመውን ዘንግ እስከ መምታትና እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ በግራ እጅ የሚያዘውን ማንሻ ዝቅ እያደረጉ በዚያው ቅጽበት ጋዝ መስጠት ነው። አምራቹ ራሱ ባወጣው የደኅንነት ማሳሰቢያ፣ ልምድ ያላቸው የአውሮፕላን አብራሪዎች ሄሊኮፕተር ሲያበሩ ለከፍተኛ አደጋ እንደሚጋለጡ አስጠንቅቋል። በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚታዘዘው ለመጀመሪያው ትምህርቱ ነውና፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የወዳጆቼ ምክር በአእምሮዬ ቀለለብኝ።

ለሙከራ በበረርኩበት ዕለትም ልዩነቱን በእጄ ዳስሼዋለሁ። አስተማሪው ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ሄሊኮፕተሩን ባለበት አቁሞ መሪዎቹን አንድ በአንድ አስረከበኝ። የግራ እጁን ማንሻ ትንሽ ከፍ ሳደርግ አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞረ፤ በግራ ፔዳል መያዝ ነበረብኝ። የቀኝ እጁ ተራ ሲደርስ፣ መሪውን ያነቃነቅሁት ለዓይን እንኳ በማይታይ መጠን መስሎኝ ሳለ፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ፤ ላርመው ስል ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። «አትግፋው፤ አስበው ብቻ» አለኝ። ደንቡ ተማሪ አር22ን ብቻውን ከማብረሩ በፊት 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር እንዲበር ለምን እንደሚያስገድድ ያን ጊዜ ገባኝ።

አገር ቤት ሆኖ በአየር መንገድ ተቀጥሮ መሥራት ለሚመኝ ወጣት ምክሬ ሌላ ነው፤ የእሱ መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው አውሮፕላን ነው። እኔ ግን በሄሊኮፕተር እጀምራለሁ። ባለሦስት ላባ ሮተር ባለው ጊምባል ካብሪ በተባለ ሄሊኮፕተር የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያዬ ካገኘሁ እመርጠዋለሁ፤ ካጣሁም በአር22 እማራለሁ። ትምህርቱ በገንዘብ እጥረት መሐል ላይ ተቋርጦ የለመድኩትን እንዳልረሳ፣ የ60 ሰዓት ክፍያ ሳላጠራቅም አልመዘገብም።