ያልነቀልኩት ገመድ

የሬዲዮ ጣቢያ በሚያዘጋጀው የሮክ ፌስቲቫል ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ፕሮግራሙ ሲዘገይ ሰዓት የሚቀነሰው ከትንሹ ባንድ ነው። ሁሌም። እኔን ይሄ ነገር ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የቆያችሁ ኤችኤፍስቲቫል የሚባለውን የሮክ ፌስቲቫል ታስታውሱ ይሆናል። ደብሊውኤችኤፍኤስ የሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ በፈረንጆቹ 1990 ጀመረው፣ በ1993 አርኤፍኬ ስታዲየም አስገባው። ትልልቆቹ ባንዶች ስታዲየሙ ውስጥ፣ ትንሹ መድረክ ደግሞ ውጭ ፓርኪንጉ ላይ ነበር። ጣቢያው በ2005 በድንገት ሮኩን ትቶ ወደ ስፓኒሽ ሙዚቃ ዞረ። የፌስቲቫሉ ስም ግን አልተረሳም፤ በ2024 ናሽናልስ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ተመልሶ መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥም ኬሮክ የተባለው ጣቢያ በ1993 የራሱን ጀመረ። እኔ የማወራው ግን ስለ እነዚህ አይደለም። አነስ ያለ ነው፣ ስሙም ይቅር።

የነበርኩት ትንሹ መድረክ ላይ ነው። ሥራዬ ገመድ መዘርጋት፣ ማይክ መትከል፣ ባንድ ሲቀየር ድራሙን ባለጎማ ጣውላው ላይ እንዳለ ገፍቶ ማስገባትና ማስወጣት ነው። አብረውኝ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ለሚጫወቱ ባንዶች ድምፅ ሲሠሩ የኖሩ ሰው።

ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች ተራ ደረሳቸው። መድረኩን ያገኙት ጣቢያው ባዘጋጀው የአካባቢ ባንዶች ውድድር አሸንፈው ነው። ክፍያ የለም፣ የተሰጣቸው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ማይክ ስተክል ጊታር የምትጫወተዋ ልጅ «እናቴ እዚያ ጥግ ሆና በደንብ ትሰማናለች?» ብላ ጠየቀችኝ። መሀል ላይ ብትቆም ይሻላል አልኳት። ዘልላ ወርዳ እናቷን እጇን ይዛ መሀል አቆመቻት።

ከዚያ የጣቢያው ዲጄ ማይኩን ያዘ። የስፖንሰር ስም አነበበ። ቲሸርት ወረወረ። ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎ አስጮኸ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስፖንሰር። ልጆቹ ጊታራቸውን አንግተው ከኋላው ቆመዋል። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ ይመታል፣ እኔን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። ዲጄው ሲወርድ ከ25ቱ 10 ደቂቃ አልቋል።

ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ የመድረክ ኃላፊው መጣ።

«ሰዓታቸው አልቋል። ሂድና ፕለጉን ንቀለው።»

«ዘግይተው የጀመሩት እኮ በዲጄው ምክንያት ነው።»

«ዲጄው የኛ ነው። ንቀለው አልኩህ።»

ነገሩ የሰዓት ብቻ አይደለም። ሁሉም ነገር እየሠራ እያለ ኃይል ከነቀልክ ስፒከሩ ቧ! ብሎ ይጮኻል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ስታበራ አምፕ፣ ማለትም ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ መጨረሻ፣ ስታጠፋ አምፕ መጀመሪያ። የዚህ ሥራ ሀሁ ይሄ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ የተቀጠርከው ገመድ ልትስብ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ገመድ መሳብ አያሳፍረኝም፣ እንጀራዬ ነው። ያበሸቀኝ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ዝም እንዲል፣ የማያውቀው እንዲያዝ መፈለጉ ነው። ጋሼ ፊቴን አይተው ጠጋ አሉ።

«ምን አለህ?»

ነገርኳቸው።

«ራሱ ይንቀለው። አንተ እጅህን እንዳታስገባ፣ ነገ ስፒከሩን አቃጠለ የሚባለው አንተ ነህ» አሉኝ።

ዞሬ «ራስህ ንቀለው» አልኩት። ገመዶቹ ወደተሰካኩበት ሳጥን ሄደ። ቆሞ አየው። የትኛው የምን እንደሆነ አያውቅም። ሬዲዮ መገናኛውን አውጥቶ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ሲጀምር ልጆቹ ዘፈኑን ጨረሱ። እኔም ለድራመሩ አንድ ጣቴን አሳየሁት፤ አንድ ቀርቷችኋል። አንገቱን ነቀነቀ። የመጨረሻውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱት። ሕዝቡ ይበልጥ የጮኸው ለዚያ ዘፈን ነው፣ ለቲሸርቱ አይደለም።

ባንዶች እንዲህ ያለ ፌስቲቫል ላይ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚመጡት ጣቢያው ዘፈናቸውን ያሰማልናል ብለው ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ዘፈን ማሰማትን በድብቅ ከእንዲህ ያለ ኮንሰርት ጋር ማያያዝ ሕግ መጣስ ነው ብሎ ጣቢያዎችን አስጠነቀቀ። ጥሩ ነው። ትልልቆቹ ኤጀንት አላቸው፣ ጠበቃ አላቸው። ለአራት ልጆች 25 ደቂቃ ግን የሚከራከር ማንም የለም፤ መድረኩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ካልተከራከረ በቀር።

ኃላፊው በቀጣዩ ዓመት አልጠራኝም። በቅርቡ ከዚያው ጣቢያ ሌላ ሰው ደውሎልኝ ነበር። እመጣለሁ፣ ግን የዲጄው ደቂቃም ከባንዶቹ ሰዓት ተለይቶ ፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ አልኩት። አጣርቼ እደውላለሁ ብሎኛል። ባይደውልም ጥያቄዬን አልቀይርም።