ከ7ኛው ፍሬት አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፦ ለብላክ ሜታል የሚጋጩ ኮርዶችን የሠራሁበት መንገድ

በአኮስቲክ ጊታር ላይ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ጨለማ ኮርድ፣ ዲስቶርሽን (የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው) ሲጫንበት ብዙውን ጊዜ ጭቃ ይሆናል። ኖታዎቹ ይቀላቀሉና ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ለአንድ የብላክ ሜታል ሪፍ (ለሚደጋገም የጊታር ሐረግ) የሚሆኑ ጥቂት ኮርዶችን ስሠራ አብዛኛውን ሰዓት የወሰደብኝ ይኸው ነው። የሚጋጩ ኖታዎችን መምረጥ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ግጭቱን የትኛው ክር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ማወቁ ነው።

ጊታሩን በስታንዳርድ ቱኒንግ ቃኘሁት፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ክሮቹ በውፍረት ከ10 እስከ 46 የሚባሉት ናቸው፣ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) ብሪጁ አጠገብ ያለው ሃምበከር ነው። 1ኛ ክር የምለው ቀጭኑን፣ 6ኛ ክር የምለው ወፍራሙን ነው። ፍሬት ደግሞ የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት ክፋይ ነው፤ አንድ ፍሬት ግማሽ ቶን ነው።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ የብላክ ሜታል ባንዶቹ ጊታሪስቶች፣ የቶርንሱ ስኖሬ ሩክና የሜይሄሙ ዩሮኒመስ፣ ሁለት ኖታ ብቻ ካለው ፓወር ኮርድ ወጥተው ማይነር የምታደርገውን ሦስተኛ ኖታ ጨምረው ክሮቹን አብረው ማስጮህ ያዙ። በርገን ከተማ ግሪግሃለን አዳራሽ ውስጥ ተቀርጾ በ1994 የወጣው የሜይሄም አልበም ላይ በብዙ ቦታ የኮርዱ ክሮች ተለይተው ይሰማሉ። እኔም የፈለግሁት ያንን መለየት ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዝቅ ባሉት ክሮች ላይ ነው፤ አልሠራም። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። ዲስቶርሽን ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡበት፣ በመካከላቸው ያለውን የሄርትዝ ልዩነት የሚያህል ሌላ ድምፅ ከራሱ ይጨምራል። 6ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያለው ኤ 110 ሄርትዝ ነው፤ 5ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ያለው ኢ 164.8 ነው። ልዩነታቸው ወደ 55 ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ ራሱ ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ፓወር ኮርድ የሚወፍረው በዚህ ነው። ኢውን ትቼ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ሲ፣ 130.8 ሄርትዙን፣ ከዚያው ኤ ጋር ስመታ ልዩነቱ 21 ገደማ ይሆናል። 21 ሄርትዝ ጆሮ እንደ ኖታ አይይዘውም፤ ስፒከሩን ብቻ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ሥር ኖታዋንና አምስተኛዋን (በዚህ ምሳሌ ኤና ኢን) ከታች አስቀርቼ፣ ሦስተኛዋን (ሲን) ወደ 2ኛው ክር አወጣኋት።

ኢ ማይነር እንዲህ ሆነ፦ 5ኛ ክር 7ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር 9ኛ፣ 3ኛ ክር 9ኛ፣ 2ኛ ክር 8ኛ። 6ኛውን ክር በሌባ ጣት ጫፍ እየነካሁ ዝም አሰኘሁት፤ 1ኛውንም እንዲሁ። ይህ ማንም የሚያውቀው ኮርድ ነው፣ ገና አይጨልምም። ጨለማው የገባው 3ኛውን ክር ከ9ኛ ወደ 8ኛ ፍሬት ሳወርድ ነው። ኖታዎቹ ኢ፣ ቢ፣ ዲ ሻርፕ እና ጂ ይሆናሉ። ዲ ሻርፕ ወደ ኢ ለመድረስ ግማሽ ቶን ብቻ ቀርቷት አትደርስም፤ ኮርዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለጣት የሚመቸው አያያዝ ሌባ ጣት 7ኛው ላይ ተጋድሞ፣ ትንሿ ጣት 4ኛ ክር ላይ፣ የመሃል ጣት 3ኛ ላይ፣ የቀለበት ጣት 2ኛ ላይ ሲሆን ነው። በቀለበት ጣት 4ኛውን ክር ለመያዝ ከተሞከረ 3ኛው ክር ይታፈናል፤ ግጭቱን የተሸከመው ክር ደግሞ እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ባዶ ክሮችን (ጣት ያልያዛቸውን) የሚጠቀመው አያያዝ ነው። 5ኛ ክር 7ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር 9ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ዝም፣ 2ኛውና 1ኛው ባዶ። ኖታዎቹ ኢ፣ ቢ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው፤ ፍጹም ስምምነት፣ እንደ ቤት። አሁን ባዶዎቹን ሳልነካ ሁለቱን ጣቶች አንድ ፍሬት ወደ ላይ፣ 8 እና 10 ላይ ሳደርግ ኤፍ እና ሲ ይመጣሉ። ሲ ከባዶው ቢ ጋር በግማሽ ቶን ይፋጫል (261.6 ከ246.9፣ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል)፣ ኤፍና ቢ ደግሞ ትራይቶን (በስድስት ግማሽ ቶን የተራራቁ) ናቸው። አንድ ፍሬት ከቤት ወደ ታች፣ 6 እና 8 ላይ፣ ኢ ፍላትና ቢ ፍላት ይሆናሉ፤ ሁለቱም ከላያቸው ካሉት ባዶ ክሮች ጋር ይጣላሉ። ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚጋጨው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከሥር ኖታዋ ጋር የምትጋጨው ኢ ከሁሉም በላይ ስለምትጮህ ነው። 1 እና 3 ላይ ሲወርድ ቢ ፍላትና ኤፍ ሁለት ትራይቶን በአንዴ ይፈጥራሉ።

ሌላ ቦታ ይህ አያያዝ አይሠራም። 3ኛውና 10ኛው ፍሬት ላይ ኮርዱ ጣፋጭ ሜጀር ይሆናል፤ 5ኛውና 12ኛው ላይ ክፍት፣ ቀለል ያለ ድምፅ ይሰጣል። አያያዙን ዝም ብዬ ላይና ታች ሳንሸራትት ሪፉ በመሃል የሚፈካብኝ ለዚህ ነበር። ባዶ ክር የሌለው የመጀመሪያው ማይነር ኮርድ ግን በነፃነት ይንቀሳቀሳል፦ ከኢ ማይነር ወደ ሲ ማይነር (3ኛ ፍሬት) ወይም ወደ ጂ ማይነር (10ኛ ፍሬት) ሲሄድ ጂ የጋራ ኖታ ሆና ታስተሳስራቸዋለች፤ ወደ ቢ ፍላት ማይነር (1ኛ ፍሬት) ሲሄድ አንዲትም የጋራ ኖታ የለም፣ ገደል ነው።

የባዶ ክሩ አያያዝ ሌላም ጥቅም አለው፣ ቱኒንግ ይፈትሻል። 7ኛው ፍሬት ላይ ሁለቱ ቢዎች አንድ መሆን አለባቸው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ከተርገበገቡ 1 ሄርትዝ ተለያይተዋል ማለት ነው፣ ያም 7 ሴንት ነው (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው)። ቱነሩ ሁሉም ክር ልክ ነው እያለ ይህ መርገብገብ ካልጠፋ፣ ጣት 4ኛውን ክር በኃይል እየጫነው ነው ወይም የብሪጁ ኢንቶኔሽን (ክሩ በየፍሬቱ ልክ እንዲሆን የሚደረገው ማስተካከያ) አልተስተካከለም። ቤቱ ራሱ ከተንቀጠቀጠ የጎረቤቶቹ ግጭት ትርጉም ያጣል፤ ሁሉም እኩል የተበላሸ ይመስላል። ከመቅረጼ በፊት ይህን ሳልፈትሽ የሠራሁትን ሁሉ እንደገና መቅረጽ ነበረብኝ።

ጌይን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ከግማሽ በላይ አላስኬድም። ሚዱን (መካከለኛውን የድምፅ ክልል) መቁረጥ የሚማርክ ነው፣ ግን የኮርዱ ላይኛ ክሮች የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ባሱን ነው የምቀንሰው።

ትሬሞሎ ፒኪንግ (ክሩን በፍጥነት ደጋግሞ መምታት) ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በ180 ቴምፖ (በደቂቃ 180 ምት) አሥራ ስድስተኛ ኖታ፣ ማለትም በየምቱ አራት ጊዜ፣ ሲመታ በሴኮንድ 12 ጊዜ ነው። የግማሽ ቶኑ ግጭት ደግሞ በሴኮንድ 14 ወይም 15 ጊዜ ይርገበገባል። ክሩ በተመታ ቁጥር ከመነሻው ስለሚጀምር መርገብገቡ አንዴ ብቻ ዞሮ ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ይቋረጣል፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ግጭት ወደ ጩኸት ይለወጣል። ስለዚህ የባዶ ክሮቹን ኮርዶች አንዴ መትቼ ለሁለት የቴምፖ ምት ያህል እንዲጮሁ እተዋቸዋለሁ፣ ወይም ክር በክር እበትናቸዋለሁ። ትሬሞሎውን ለሁለተኛው ጊታር ሰጠሁት፣ ነጠላ ክር ላይ።

ለዚያ ነጠላ ክር ዜማ የሚሆነውን በአገራችን ጆሮ አገኘሁት። አንቺ ሆዬ ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ 1ኛው ክር ላይ ባዶ፣ 1፣ 5፣ 6 እና 9። ሁለት ግማሽ ቶን አለው፣ ከኢ እስከ ቢ ፍላት ደግሞ ትራይቶን ነው። በእርግጥ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ፍሬቱ ያስቀመጠለት ቦታ ላይ በትክክል አያርፍም፣ ጊታር የሚሰጠው የቅኝቱን ግምት ነው። ያም ሆኖ ቢ ፍላቷ ከታች 6 እና 8 ላይ ከተያዘው ኮርድ ጋር ትገጥማለች፣ ኤፏም 8 እና 10 ላይ ካለው ጋር፤ ከባዕድ የመጣ ዜማ አይመስልም።

ሲቀረጽ ሁለቱንም ጊታር በሙሉ ኮርድ ግራና ቀኝ ማድረግ ስህተት ነበር፤ ጥቃቅኖቹ የቱኒንግ ልዩነቶች ተደምረው ግጭቱን ሸፈኑት። ግራው ኮርዱን ብቻ ያዘ፣ ቀኙ ዜማውን፣ ቀኙ በአነስተኛ ጌይን። ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ከሁለቱም ጊታር ቆረጥኩ። ባስ ጊታሩ መጀመሪያ ኮርዱን እየተከተለ ኤፍና ኢ ፍላት ይመታ ነበር። ሁሉም ኮርድ ሥር ኢ ላይ ብቻ እንዲቆይ ሳደርገው ግን፣ 8ኛው ፍሬት ላይ ያለው ኤፍ ከታችም ከላይም በኢ ተከበበ።