ሲ ሞልቷል፣ ዲ ባዶ ነው፦ ፓርቲሽኔን እንዴት አስተካከልኩ

ሲ ድራይቬ ሞልቶ ቀይ ማሳየት ከጀመረ ቆይቷል። በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ሌላኛው ክፍል (ፓርቲሽን)፣ ዲ፣ ግን ግማሹ እንኳ አልተነካም። ከዲ ቀንሼ ለሲ ልሰጥ ተነሳሁ።

የዊንዶውሱ የራሱ ፓርቲሽን ማስተካከያ፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ እዚህ ላይ አላዋጣኝም። ሲን የሚያሰፋው ባዶ ቦታው ልክ ከሲ በስተቀኝ ከተገኘ ብቻ ነው። ዲን ሲያሳንስ ደግሞ ባዶውን የሚተወው ከዲ ኋላ ነው። ዲ መሃል ላይ ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ ጂፓርትድ የሚባለውን የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም መረጥኩ። ነፃ ነው፤ ከፍላሽ ስለሚነሳም ዊንዶውስ ሳይከፈት ሲን እንደልብ መነካካት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ፋይሎቼን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። መገልበጡ ብቻ ስለማያስተማምን ጥቂቶቹን ከፍቼ አየሁ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ላይ የዲስክ ስህተት የሚፈትሸውን ቼክ ዲስክ አስኬድኩና ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁ። ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል፦ ካልጠፋ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት ብትሉም ዊንዶውስ በደንብ አልተዘጋም፤ ጂፓርትድም ፓርቲሽኑን አልነካም ይላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይፈታ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የፓርቲሽን ቀኝ ጫፍና ግራ ጫፍ አንድ አይደሉም። ቀኙን ገፍታችሁ ስታሳንሱ ከቦታው የሚነሳው ዳር ላይ ያለው ዳታ ብቻ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ግራውን ስትነኩ ግን መነሻው ስለሚቀየር ፓርቲሽኑ እንዳለ ወደ አዲስ ቦታ ይገለበጣል። ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ጉድ ፈላ። ለሲ የሚሆን ቦታ የሚገኘው ደግሞ በዲ ግራ ጫፍ በኩል ነው። በመካከላቸው የሪከቨሪ ፓርቲሽን (ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው ያለበት) ካለ እሱም መነሳቱ አይቀርም። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ተውኩት።

ደግነቱ ጂፓርትድ የታዘዘውን ወዲያው አይፈጽምም፤ ወረፋ ያስይዘዋል። አፕላይ እስኪባል ድረስ ዲስኩ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ዝርዝሩን ደጋግሜ አንብቤ ነው የተጫንኩት። ዊንዶውስ መልሶ ሲነሳ ዲስኩን ይመረምራል፤ ሳታቋርጡ ይጨርስ።

ሌላ ጊዜ ካጋጠመኝ ግን ዲን አላንቀሳቅስም። ዳታው ባክአፕ ላይ ካለ ዲን አጥፍቶ፣ ሲን አስፍቶ፣ አነስ ያለ ዲ ፈጥሮ መልሶ መገልበጥ ይቀላል። በመሃል ሪከቨሪ ከሌለ ለዚህ ዲስክ ማኔጅመንት ራሱ ይበቃል። አዲሱ ፓርቲሽን ዲ የሚለውን ፊደል መያዙን ማየት ነው፤ አለዚያ ሾርትከቶቹ ፋይላቸውን አያገኙም።